ከማገሩ ወዲያ የነበረው እጅ

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ግማሽ ላይ «ይቺማ ለየላት» ብላችሁ ትታችሁኝ ትሄዳላችሁ። ብርቱካን እባላለሁ፣ ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግኩ፣ ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። የሰው ደም መስታወት ላይ ቀብቼ፣ በማይክሮስኮፕ አጮልቄ፣ ወባ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ፣ እና እዚህ ሥራ ላይ ስትቆዩ ለማይታይ ነገር ትዕግሥት ያልቅባችኋል። ሰፈር ውስጥ እገሌን ጅን መታው፣ እገሊትን ዓይን በላት ሲባል «እስቲ መጀመሪያ ደሟን አምጡልኝ» የምል ነበርኩ፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ እግዜርንም ጣትህን ልውጋህ ሳትይው አትቀሪም» እያለች ታማርረኝ ነበር።

ሌላው ደግሞ፣ ነገሩ የሆነው ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ጅብ አልጮኸም። ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ኳስ እያዳመጠ ነው የሆነው፣ እመኑኝ፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔም «ህልም ነው» ብዬ በተገላገልኩ።

አባታችን በውትድርና ከሰሜን መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል። የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ያሬድ ነን። ያሬድ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ ሳቂታ፣ ኦሮምኛውን ከቦረና ልጆች የማይለይ፣ ገበያ ውስጥ ሁሉ የሚያውቀው ልጅ ነው። አንድ ቀን እንደ ጓደኞቹ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከኬንያ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ደወለ፣ በመጨረሻ «ነገ እንሻገራለን፣ ስልክ ላይሠራ ይችላል፣ እማዬን አታስጨንቂያት» አለኝ፣ ያ ነገ ይኸው እስከ ዛሬ አልመሸም። ደላላው ስልኩን ቀየረ። ከዚያ የተመለሱ ልጆች ቡሌ ሆራ አሉ ሲባል ሄድኩ፣ ፎቶውን አሳየሁ፣ አንዱ «መኪናው ላይ አይቼዋለሁ» አለኝ፣ ሌላው «ይሄን አላውቀውም» አለኝ፣ ሁለቱም አንድ መኪና ላይ ነበሩ። ልቅሶ እንዳንቀመጥ ሞተ ያለን የለም፣ ደስ እንዳይለን አለ ያለን የለም፣ እንዲያው እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ።

ታዲያ አንድ ጠዋት እናቴ ቁርስ ላይ ሻይዋን አስቀምጣ «ጓሮ ቤት ላሠራ ነው» አለችኝ።

«ለማከራየት?»

«ለያሬድ። ሲመጣ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ሊተኛ ነው እንዴ? ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ።»

ምን ትላላችሁ? እሺ አልኩ።

ሥራውን ኦቦ ቦሩ ያዙት፣ እኚህ የሰፈራችን አናጢ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ እንኳ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚውን የጥድ እንጨት አደረጉት፣ ከግራና ከቀኝ ማገር መቱበት፣ ቤቱ ቆርቆሮውን ለብሶ፣ ጭቃ ሳይነካው ቆመ። የእንጨት ቤት ገና ሳይመረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደ ትልቅ ቅርጫት ነው፣ ውጭ ሆናችሁ ውስጡን አልፎ ማዶ ያለው አጥር ይታያችኋል፣ ነፋሱ ያልፋል፣ ዶሮው ያልፋል። በሁለት ማገር መሃል እጅ እስከ ክርን ይገባል፣ ጭንቅላት ግን አይገባም። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ሰው «ምናልባት አንዱ ሾልኮ ይሆናል» ሲለኝ የምመልሰው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ለምርጊቱ ቀን ጎረቤት ወጣልን፣ ጎረምሶቹ ጭድ የገባበትን ቀይ ጭቃ ሲረግጡ፣ ሲያቀብሉ፣ ሲዘፍኑ እስከ ምሳ ድረስ ሦስቱ ግድግዳ አለቀ። የጓሮው ግድግዳ ብቻ ቀረ። ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ ከታች ሰፈር አንድ አዛውንት አረፉ ተባለና ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ወደዚያው ሄደ፣ እናቴም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሄደች። የቀረነው እኔ፣ ጓደኛዬ ሎኮ፣ እና ኦቦ ቦሩ ነን። ሎኮ የጎረቤታችን የቦረና ልጅ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው፣ ስትናገር አማርኛውን ጀምራ በኦሮምኛ ነው የምትጨርሰው። ኦቦ ቦሩ በሩ ጋ፣ መግቢያው ላይ ቁጭ ብለው መዝጊያውን ይገጥሙ ነበር፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው እሳቸውን ተራምዶ ነው የሚገባው። መስኮቱ ደግሞ በጣውላ ተመትቷል።

«ጭቃው ሳይደርቅ እኛ እንጨርሰው» አለችኝ ሎኮ፣ እሷ ውስጥ ገባች፣ እኔ ከጓሮ በኩል ቆምኩ።

አመራረጉ እንዲህ ነው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ እኩል ነው የሚለጥፈው፣ ጭቃው ከጭቃው ጋር ማገሩ መሃል እንዲያያዝ። አንዳንዴ መዳፍና መዳፍ ይገናኛል፣ ሎኮ እንደሁ ሥራ ከጨዋታ አትለይም፣ ጣቴን ይዛ ትጎትተኛለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ኦቦ ቦሩ ከወዲያ «እናንተ ልጆች፣ ቤት ነው የምትሠሩት ወይስ ሠርግ ነው?» ይሉናል።

እንደዚህ እየሳቅን ከታች ጀምረን ጉልበት ድረስ ደረስን። ከዚያ ሎኮ አንድ ነገር አለችኝ፣ ሬዲዮው ላይ ጎል ገብቶ ጎረቤት ሲጮህ አልሰማኋትም፣ ዝም ብዬ «እሺ» አልኳት። ይቺ እሺ ናት ጉድ የሠራችኝ። ያለችኝ ለካ «ውሃ አልቋል፣ ከቦኖው ቀድቼ ልምጣ» ነው።

እኔ መለጠፌን ቀጠልኩ። ከውስጥም ይለጠፋል። ጠፍ፣ ጠፍ ይላል፣ እኔ ስመታ ይመታል፣ እኔ ሳቆም ያቆማል። ሎኮ ዶሎ ኦዶ ስደተኞች ካምፕ የሚሠራ እጮኛ ነበራት፣ እሱን እያነሳሁ አበሽቃት ጀመር፣ «እዚያ ሙቀት ውስጥ ልትቀልጪለት ነው?» ስላት ወትሮ አሥር ቃል የምትመልሰው ልጅ «እ» ብቻ አለችኝ። ደክሟታል አልኩ። በማገሩ ቀዳዳ ሳይ ውስጡ ጨልሟል፣ ቀይ ሻሿ አይታየኝም። ደመና መጣ አልኩ፣ ግን ጀርባዬን ፀሐይ ያቃጥለኛል፣ አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያኔ አላገናኘሁትም። ሰው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አያገናኝም።

ደረቴ ጋ ስንደርስ መዳፉ ነካኝ። ቀዝቃዛ ነው። ጭቃ የያዘ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ልክ ነው፣ የኔም ቀዝቅዟል፣ ይሄ ግን ሌላ ቅዝቃዜ ነው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ክሊኒክ ውስጥ ብዙ የሰው እጅ ይዣለሁ፣ ጣት ስወጋ ነው የምውለው፣ ደም የራቀውን እጅ አውቃለሁ። ሎኮ ደግሞ የማታወልቀው የዶቃ አምባር አላት፣ እሱ አልነካኝም። ለጭቃው ብላ አውልቃዋለች አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ፣ አያችሁ።

በመጨረሻ አንዲት ቀዳዳ ቀረች፣ የእኔን ትከሻ የምታክል ከፍታ ላይ፣ እጅ የምታስገባ። ጭቃ ይዤ «ሎኮ፣ እጅሽን መልሺ ልድፈነው» አልኳት።

እጁ አልተመለሰም። ወጥቶ የእጄን አንጓ ያዘ። አልጎተተኝም፣ አላሳመመኝም፣ ወንዝ የሚሻገር ሰው ጎኑ ያለውን እንደሚይዘው ነው የያዘኝ፣ እንዲያ አጥብቆ። ከዚያ ከውስጥ፣ ከቀዳዳዋ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ድምፅ፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ፣ በሹክሹክታ፦

«በየት ልውጣ?»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «በበሩ ነዋ! ኦቦ ቦሩን ዝለያቸው» አልኳት።

እጄን አልለቀቀም። ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ብዙ የሮጠ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ልመና በሚመስል፦

«በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«ብርቄ! ኤኙ ዋጂን? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላል አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ዞርኩ። ሎኮ ናት። ከግቢው በር እየመጣች ነው፣ ጀሪካን ተሸክማ፣ ቀይ ሻሿን አስራ፣ አምባሯ እጇ ላይ፣ ፊቷ ላይ ላብ። እኔ እሷን እያየኋት ነው፣ እጄ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ እንደተያዘ ነው። ልጎትት ፈለግኩ፣ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ ሆነብኝ። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ሎኮን ማየት ብቻ ነበር፣ እሷም ፊቴን አይታ ጀሪካኑን ጣለችው፣ ውሃው ቀይ አፈሩ ላይ ፈሰሰ።

እየጮኸች ሮጣ መጥታ ወገቤን ይዛ ስትስበኝ እጄ ወጣ። ተለቀቀ ልበል ወጣ ልበል አላውቅም። ሎኮ ያየችው የኔን እጅ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች፣ ሌላ እጅ አላየሁም ትላለች፣ ግን ይህን ስትል ፊቷን ታዞራለች።

ኦቦ ቦሩ የሎኮን ጩኸት ሰምተው መዶሻቸውን ይዘው ዞረው መጡ። «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?»

«አባቴ፣ ውስጥ ማን ገባ?» አልኳቸው።

«ማንም። ሎኮ በላዬ ተራምዳ ወጣች፣ ሌላ ሰው አልገባም፣ አልወጣም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ በሩ ላይ ነኝ እኮ ያለሁት» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «ግን ከውስጥ ሲለጠፍ እሰማ ነበር» አሉ። «ሎኮ ከወጣች በኋላም። እኔ... አላሰብኩትም።»

ሦስታችንም ገባን። ማንም የለም። ወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የቀረ ጭቃ፣ የሎኮ ባልዲ ብቻ። ግን የጓሮው ግድግዳ ከውስጥ በኩል ተመርጓል፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከታች እስከዚያች ቀዳዳ ድረስ፣ እርጥብ ነው፣ የመዳፍ ምልክት ዳር እስከ ዳር አለበት። ሎኮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዋቃ ኮ! አምላኬ! እኔ እስከዚህ ነው የሠራሁት» ብላ ጉልበቷን ነካች።

እናቴ ከልቅሶ ቤት ስትመለስ እንዳትሰማ ልንተዋት ነበር፣ ሎኮን በዓይኔ ጠቅሻታለሁ፣ ግን እናት አይደለች፣ ፊታችንን አየችና «ንገሩኝ» አለች፣ ነገርናት። ትደነግጣለች፣ ታማትባለች፣ ቤቱ ይፍረስ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ የጠየቀችኝ ግን ይህን ነው፦

«ድምፁ የሱ ነው?»

«አላውቅም እማዬ።»

«የወንድምሽን ድምፅ አታውቂውም?»

«በሹክሹክታ ነው... ሴትም ሊሆን ይችላል... አላውቅም።»

አላበድኩም፣ አልዋሸሁም፣ አላወቅኩትም፣ በቃ። ያሬድ ነው ብላት ሞቶ ነው ማለቴ ነው ወይስ ጠርቶናል ማለቴ? አይደለም ብላትስ በምን እርግጠኝነት? ደሙን በመስታወት አላየሁት።

እናቴ ውስጥ ገብታ መዳፏን በምልክቶቹ ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጠች ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ከዚያ ወጥታ ኦቦ ቦሩን «አፍርሱልኝ» አለቻቸው።

«አዴ በላይነሽ፣ የጥድ ቋሚ ነው፣ ልፋት ነው...»

«እንጨቱን ተዉት። ጭቃውን ብቻ። ያቺን ቀዳዳ አካባቢ ክፈቱልኝ አንቱ፣ ተለመኑኝ።»

ሽማግሌው በመጥረቢያቸው ጀርባ እርጥቡን ጭቃ ጠረጉት፣ አንድ ቋሚ ከግራና ቀኙ ማገሮች ጋር ተገልጦ ወጣ። ምን ይኖራል? ስንዝር የማይሞላ ግድግዳ ነው፣ ከወዲህ ጓሮ፣ ከወዲያ ባዶ ክፍል። እናቴ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች፣ ወዲያና ወዲህ ዳበሰች፣ ከዚያ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ይከብደኛል፣ አፏን ማገሩ ላይ አስጠግታ፣ መንገድ ለጠፋው እንግዳ እንደሚነገር፣ ረጋ ብላ፦

«በሩ እኮ በዚህ በኩል ነው፣ ልጄ። በስተቀኝህ ግድግዳውን ይዘህ ዙር። ክፍት ነው። ማንም አይዘጋብህም።»

ኦቦ ቦሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሎኮ አለቀሰች። እኔ ቆሜ እጄን እያሻሸሁ ነበር፣ ጭቃው ደርቆ ይላጣል፣ ከሥሩ ምልክት ካለ ብዬ አየሁ፣ እስከ ክርኔ ጭቃ የሆንኩ ሰው ምን ምልክት ይለያል?

ቄስ መጥተው ጸበል ረጩ። ደግ ሰው ናቸው፣ «በርቺ» ብለውኝ ሄዱ። ቤቱ አለቀ፣ መዝጊያው ተገጥሟል፣ ግን እናቴ እንዲዘጋ አትፈቅድም፣ የጓሮውም ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ፕላስቲክ እንሰቅልበታለን። ኦቦ ቦሩ ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ሲገቡ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ ይሰጡናል እንጂ ወደ ጓሮ አይዞሩም። ሎኮ አግብታ ዶሎ ኦዶ ገባች፣ ስትደውል ስለ ሙቀቱ ታወራኛለች፣ ስለ ሌላው አናነሳም። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ፀሐይ መትቶኝ ነው፣ ሐዘን ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ራሴን ስመረምር ከረምኩ፣ ግን ሐዘኔ ግድግዳ አይመርግም።

የሚያስቸግረኝ እናቴ ናት። ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ በርጩማ ይዛ ጓሮ ትሄዳለች፣ ቋሚውን መሃል አድርጋ አንድ እጇን ከወዲህ አንድ እጇን ከወዲያ በማገሩ አስገብታ ትቀመጣለች። ብመክራት አልሰማችኝም። ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ፣ ግፊቷ ደህና ነው፣ ስኳሯ ደህና ነው፣ ደሟንም ራሴ ነኝ ያየሁት፣ ምንም የለባትም።

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስገባ እንደዚያው ተቀምጣ አገኘኋት፣ ደመና ነበር። «ብርቄ» አለችኝ፣ «ወዲያ ግቢና እጄን ያዢኝ እስቲ።»

«ለምን እማዬ?»

«ብርድ ብርድ አለኝ። ያዢኝ ብቻ።»

ዞሬ ገባሁ። ቀኝ እጇ ከማገሩ ወጥቶ ተዘርግቷል፣ ግራዋ ከቋሚው ወዲያ ነው፣ አይታየኝም። ሥሩ ተቀመጥኩና ቀኝ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ግንባሬን አስደገፍኩበት፣ የሽንኩርትና የሳሙና ሽታ አለው፣ ቀጥኗል፣ ብዙ ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። ጣራው ላይ የዝናብ ጠብታ ጀመረ።

ከዚያ «እንዲያ አታጥብቂው» አለችኝ።

እጄን ላላ አደረግኩ።

«እሱን አይደለም፣ የግራዬን። የግራዬን ነው ያጠበቅሽው፣ ጣቴን አመመኝ።»

ሁለቱም እጆቼ ቀኝ እጇ ላይ ናቸው። እያየኋቸው ነው። ከቋሚው ወዲያ ለማየት አንገቴን ትንሽ ማዘንበል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ ትንሽ፣ እና አልቻልኩም፣ መሐላ ብትጠይቁኝ እምልላችኋለሁ አልቻልኩም።

«እሺ እማዬ» አልኳት።

ትንሽ ቆየችና በረጅሙ ተነፈሰች። «እንደሱ» አለች። «አሁን ደህና ነው።»